ለማመሳከሪያ የተቀዳ ውሃ

ላሊበላ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባንችይርጋ፣ ኮን

እንደምን ሰነበትሽ? ወንድምሽ የሻውና ቤተሰቡስ እንደምን ናቸው? ብርዱን ቻልሽው? ዋድላ ሁለት ዓመት አስተምሬ ነበርና የኮንን የየካቲት ውርጭ አውቀዋለሁ። ጧት ጧት ጠመኔ ከጣቴ ይወድቅ ነበር። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዓይኔ ብቻ ምሽት ላይ ፊደል ያደራርብብኛል።

ባለፈው ሳምንት በሾፌሩ በየኔሰው በኩል ሰላምታ ብልክብሽ፣ «ምን ፈልገው ነው?» ብለሽ በእርሱ አፍ መልሰሽ ጠይቀሻል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስልክ ሦስት ጊዜ ደውዬ አላነሳሽም፤ እሱም ተገቢ ነው። ስለዚህ መጻፍ መረጥሁ። ሰው የጻፈውን ነገር በኋላ አላልሁም ለማለት ይቸግረዋል።

ቤትሽ ደህና ነው። ቁልፉን የያዙት እማማ ወለተ ሩፋኤል በየሁለት ቀኑ ግቢሽን ይጠርጋሉ። በርሜልሽ እንደተደፋ ከደጅ አለ፤ ማንም አልነካውም። ቧንቧ በዚህ ወር ሁለት ጊዜ መጥቷል፤ አንዱን ጊዜ ለአራት ሰዓት፣ ሌላውን ለሁለት ሰዓት ከሩብ። ከገና በኋላ በሰፈራችን የታመሙት አሥራ አንዱ ተሳላሚዎች ሁሉም ድነዋል። ሁለት ቀን ጤና ጣቢያ የተኙት አሮጊትም ሙጃ አገራቸው መግባታቸውን አረጋግጫለሁ። ይህን የምነግርሽ በእነሱ ነገር እንዳትጨነቂ ብዬ ነው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጥር 5 ቀን ከጽዱ ዛፍ ሥር፣ በሰፈራችን ዕድር በቅሬው ፊት፣ ስለ በርሜልሽ የተናገርሁት ነገር ችኮላ ነበረበት። ቃላቴንም ይበልጥ መምረጥ ይገባኝ ነበር። ስለዚህ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ከሦስት ቀን በኋላ ለማንም ሳትነግሪ ለምን ሄድሽ?

የቀድሞ መምህርሽ
አረጋ


ኮን፣ የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

መምህር፣

ሰላምታዬን ከደብዳቤው መጨረሻ ይፈልጉት። ንዴቴን ነው የማስቀድመው።

ለምን ሳልናገር ሄድሁ? ለማን ልናገር? ችኮላ ነበረበት ይላሉ። እስቲ የሆነውን ከመጀመሪያው ልደርድረው፤ ደረጃ በደረጃ ጻፉ እያሉ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።

ገና ሲመጣ ቧንቧው ስለማይታመን፣ ቅሬው በየቤታችን አንዳንድ በርሜል ውሃ ለእንግዶች እንድናጠራቅም አዘዘ። መዝገቡን እርስዎ ያዙ። እኔ ታኅሣሥ 9 ቀን ሞላሁ። ቀኑን ጻፉ፣ በርሜሉ ሰማያዊ መሆኑን ጻፉ፣ ከሥሩ ቧንቧ እንዳለው እንኳ ጻፉ። ታኅሣሥ 15 ደግሞ «ለእንግዳ ቆሎ ማቅረቢያ ሰፊ ነገር ጠፋ» ብለው ሰው ልከው ክዳኔን አስወሰዱ። ለሦስት ቀን ነው ተባለ። ይኸው እስከ ዛሬ ሦስት ቀን አልሞላም። በነጠላ ሸፈንሁት። ነጠላ ነፋስ ይገልጠዋል፤ ቢምቢ ገብታ ወለደችበት። የማልክደውን አልክድም፤ የቢምቢ እጭ ነበረበት።

እንግዶቹ ታመሙ። እርስዎ የእጅ ባትሪ ይዘው መጡ፣ ከላይ አበሩበት፣ እጩ ሲቁነጠነጥ አዩና «ይኸው!» አሉ። ድምፅዎ የደስታ ድምፅ ነበር፤ ሒሳብ ሲወጣልዎት እንደሚሉት ያለ። በመዝገብዎም «ክዳን የለውም» ብለው ጻፉ። እውነት ነው፣ የለውም። ወዴት እንደሄደ የሚጻፍበት ቦታ ግን መዝገቡ ላይ አልነበረም?

ጥር 5 ላይ ደግሞ «በሰፈራችን ቆሻሻ በበርሜል አጠራቅማ የእግዚአብሔርን እንግዳ ያጠጣች ሴት አለች» አሉ። ስሜን አልጠሩም። መጥራትም አላስፈለገዎት፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የቅሬው ዳኛ ደሳለ «ይደፋ!» አለና ደፉት። ያ ሁሉ ውሃ መንገድ ለመንገድ ሲወርድ ሰው እየተራመደው ያልፍ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ ቤቴ ሰው አልገባም። ሦስት ቀን የሠራሁትን ሽሮ ሦስት ቀን ለውሻ ሰጠሁ። በሦስተኛው ቀን ውሻውም የተጠራጠረኝ መሰለኝ፤ ተሳፈርሁ።

ወሬ ደግሞ ከሰው ቀድሞ ይሳፈራል። የወንድሜ ሚስት ደግ ናት፣ አትሰድበኝም። የምጠጣበትን ኩባያ ግን ለይታ አስቀምጣልኛለች። ቀይ ክር አስራበታለች፣ ልጆቹ እንዳይሳሳቱ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያቺ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ኤልሳቤጥ፣ ከስብሰባው በፊት በስድስት ጠርሙስ ውሃ ቀድታ ልታስመረምር ወስዳ ነበር። እርስዎ ስለ ቧንቧው ሰዓትና ሩብ ሰዓት ሳይቀር ጽፈዋል። ስለ ጠርሙሶቹ አንድ ቃል የለም። እርስዎ ደግሞ የሚረሱ ሰው አይደሉም። ምርመራው ምን አለ?

ደህና ይሁኑ። ሰላምታው ይኸው ነው።

ባንችይርጋ


ላሊበላ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ባንችይርጋ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ በሰላምታ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ ሰላምታው ገጹን ሞላብኝ። ስለዚህ ያለ ሰላምታ ነው የምጽፈው።

የምርመራው ውጤት ጥር 24 ቀን ደርሶኛል። ዛሬ አርባ አምስት ቀኑ ነው። አርባ አምስቱንም ቀን ከኮቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ነበር። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍልሽም እዚያው ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። ኤልሳቤጥ ጥር 3 ቀን ከአምስት ቤት ውሃ ቀዳች። አንድ ጠርሙስ ተረፋት። «ከእርስዎስ ቤት ልቅዳ መምህር?» አለችኝ። እኔም ሳቅሁና «ቅጂ፤ ንጹህ ውሃ ምን እንደሚመስል ማመሳከሪያ ይሆንሻል» አልኋት። ልጅቷ ቃሌን አክብራ በጠርሙሱ ላይ «ለማመሳከሪያ» ብላ ጻፈችበት።

ውጤቱን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልሻለሁ። የአንቺ በርሜል፦ የቢምቢ እጭ አለበት፤ ከዓይነ ምድር የሚመጣ ተህዋስ አልተገኘበትም። ኤልሳቤጥ እንዳስረዳችኝ ከሥር በቧንቧ ስለምትቀጂ የማንም እጅና ጣሳ አይገባበትም። የሌሎቹ አራት ቤቶች፦ ጥቂት ተገኝቶባቸዋል። ለማመሳከሪያ የተቀዳው፦ «ከሚቆጠረው በላይ»። ቃሉ የመርማሪዎቹ ነው። እኔ ዕድሜ ልኬን ስቆጥር የኖርሁ ሰው ነኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት «ተህዋስ በዓይን አይታይም» እያልሁ በሰሌዳ ላይ ጻፍሁ። የአንቺን በርሜል ግን በዓይኔ አይቼ ፈረድሁበት፤ የራሴንም በዓይኔ አይቼ፣ ጠርቶ ስላገኘሁት፣ አመንሁት። እጩ የሚናገረው ክዳን አለመኖሩን ነው። እርሱንም የወሰድሁት እኔ ነኝ።

እንስራዬን ታውቂዋለሽ፤ ከጓዳው በር ጎን ያለው ትልቁ። ባለቤቴ ሸጌ በሕይወቷ ሳለች በየሳምንቱ ትፈትገውና በወይራ ታጥነው ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ያጠነችው ልታርፍ አሥር ቀን ሲቀራት ነው፤ ሚያዝያ ላይ ሦስት ዓመት ይሆነዋል። ከዚያ ወዲህ አላጠብሁትም። ካጠብሁት ሽታው ይሄዳል ብዬ ነው። ሲጎድል ከላይ እየጨመርሁ ኖርሁ። ጭሱ ያነጻዋል ብዬም ለራሴ እነግረው ነበር፤ ተማሪ ቢነግረኝ ግን በቀይ የምሰርዘው መልስ ነው።

በገና ሰሞን እንግዶቹ «የመምህር ቤት ውሃ ወይራ ወይራ ይላል» እየተባባሉ ይመጡ ነበር። በአንድ ጣሳ፣ እጃቸውን እስከ አንጓቸው እያስገቡ ይቀዱ ነበር። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ውሃዬ ሲመሰገን እሰማ ነበር። ከአሥራ አንዱ ታማሚዎች ዘጠኙ ከዚያ መጠጣታቸውን አጣርቻለሁ። የሁለቱን ማወቅ አልቻልሁም፤ መዝገቤ የት እንዳደሩ እንጂ ከየት እንደጠጡ አይልም። የኔ ቤትም በመዝገቡ ውስጥ የለም። ሰው ሁሉ ያለበት መዝገብ ውስጥ መዝጋቢው ብቻ የለም።

ኤልሳቤጥ ወረቀቱን ስትሰጠኝ «ለቅሬው እርስዎ ይንገሩልኝ፤ የእርስዎን ይሰማሉ» አለችኝ። እሺ አልኋት። ከሳምንት በኋላ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረች። በዚህ ሰፈር የሚያውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ። አሁን አንቺም አወቅሽ።

አረጋ


ኮን፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

መምህር፣

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። በመጀመሪያው ሳቅሁ። «ለማመሳከሪያ» የሚለው ላይ ስደርስ የወንድሜ ሚስት ደንግጣ ከጓዳ ወጣች። በሁለተኛው ተናደድሁ። «አንተ» ብዬ ልጽፍልዎ ብዕሬን አነሳሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ። አራተኛ ክፍል ሳለን ጧት ጧት አሰልፈው ጥፍራችንን ያዩ ነበር፤ የቆሸሸውን በማስመሪያ ይመቱ ነበር። ያች የተመታች እጅ ናት ዛሬም የምታከብርዎ፤ እኔ አይደለሁም።

በሦስተኛው እትዬ ሸጌን አሰብሁ። ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ ልንገርዎ? «አንተ ሰውዬ፣ እኔ ያጠንሁልህ አጥቤ ነው!» ይሉ ነበር።

አርባ አምስት ቀን በኪስዎ ያዙት። እኔ በዚያ አርባ አምስት ቀን ውስጥ ምን እንደሆንሁ ልንገርዎ። መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ክፍል አግኝቼ ሻይ ቤት ልከፍት ነበር። ባለቤቲቱ ቁልፉን ልትሰጠኝ ካለች በኋላ ከላሊበላ የመጣ ሰው አነጋገራት። በማግሥቱ «እህቴ፣ ውሃ የሌለበት ሥራ ብትጀምሪ አይሻልሽም?» አለችኝ። ውሃ የሌለበት ሥራ ምንድን ነው መምህር? እርስዎ ተምረዋል፤ ይንገሩኝ።

ይቅርታዎን በደብዳቤ አልፈልገውም። ደብዳቤውን የማነበው እኔ ብቻ ነኝ። ስሜ የጠፋው ግን መቶ ሰው ፊት ነው። ቅሬው በየወሩ በሚካኤል ዕለት ከጽዱ ሥር ይሰበሰባል። እዚያው፣ በዚያው ድምፅዎ ይናገሩ። ስሜንም ጠርተው። ይህ ሳይሆን ላሊበላ አልመለስም፤ እዚህም ኩባያዬ ከሌላው ኩባያ አይቀላቀልም።

እንስራውንስ ምን አደረጉት?

ባንችይርጋ


ላሊበላ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ባንችይርጋ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ።

መልሴ ዘግይቷል። ጥያቄዎችሽን በተራ ልመልስ።

እንስራውን አጠብሁት። በሰሙነ ሕማማት ሰኞ ጀምሬ ማክሰኞ ጨረስሁ። ክንዴን እስከ ትከሻዬ አስገብቼ በአሸዋና በአመድ ፈተግሁት። ከግድግዳው የወጣው እንደ ተልባ ያለ ልጋግ ነው፤ ያሟልጫል፣ መልኩ አረንጓዴ ነው። ሦስት ዓመት በላዩ ላይ ንጹህ ውሃ እየጨመርሁ ስጠጣ ኖሬአለሁ። ሆዴ ለምዶት ይሆናል፤ የእንግዶቹ ሆድ ግን አልለመደውም። አምስት ጊዜ አለቀለቅሁት። አሁን የሚሸተው አፈር አፈር ነው። አፍንጫዬን አስገብቼ ብዙ ጊዜ ሞከርሁ። እማማ ወለተ ሩፋኤል መጥተው አዩኝና «ምን ጠፋብህ?» አሉኝ። ምንም አልሁ።

ሚካኤልን በተመለከተ። የመጋቢት 12 ስብሰባ ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ አለፈ። ሚያዝያ 12 ደግሞ ፋሲካ ሆኖ ዋለ፤ ቅሬው አልተሰበሰበም። ይህን ከቀን መቁጠሪያው ላይ ያየሁ ዕለት ደስ አለኝ። ልደብቅሽ ነበር፤ ነገር ግን መደበቅ ምን እንዳደረገ አይቻለሁ። ስድሳ ስምንት ዓመት የሞላኝ ሰው፣ የጌታን ትንሣኤ ስብሰባ ያስቀረልኝ በዓል አድርጌ ተቀበልሁት። ቅዳሴ ላይ ቆሜ ይህ ሐሳብ አልለቅ አለኝ።

ቀጣዩ ግንቦት 12 ነው። ለዚያ ሦስት ገጽ አዘጋጅቻለሁ። በመግቢያው ውሃ እንዴት እንደሚበከል፣ በመካከሉ የስድስቱን ጠርሙሶች ውጤት፣ በመደምደሚያው የራሴን ጥፋት አስፍሬአለሁ። በመጨረሻም በርሜል ሁሉ ክዳንና የሥር ቧንቧ እንዲኖረው፣ በየሳምንቱም ተደፍቶ እንዲፈተግ ሐሳብ አቀርባለሁ። ምንም እንዳይዘለል ከወረቀቱ ባነበው ምን ይመስልሻል?

ውሃ የሌለበት ሥራ አስቤ አስቤ አላገኘሁም።

አረጋ


ኮን፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

መምህር፣ እንኳን አብሮ አደረሰን።

አያንብቡ። ሦስት ገጽ ማንም አይሰማዎትም። ደሳለ በሁለተኛው ገጽ ያንቀላፋል፤ ሌላው ስለ ተህዋስ ትምህርት የሰጡ ይመስለውና «እግዜር ይስጥልን» ብሎ ይነሳል። ጥፋትዎን ሦስተኛ ገጽ ላይ ለምን እንዳደረጉት እኔም አውቃለሁ፤ እርስዎም ያውቃሉ።

ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ልጻፍልዎ፦

ባንችይርጋ አላጠፋችም። የበርሜሏን ክዳን የወሰድሁት እኔ ነኝ። እንግዶቹን ያሳመመው የኔ እንስራ ነው።

ስለ ክዳኑና ስለ ቧንቧው የጻፉት ጥሩ ነው፤ በሌላ ቀን ይንገሯቸው። የዚያን ዕለት እሱን ከጨመሩበት መምህር ይሆናሉ። የዚያን ዕለት መምህር እንዲሆኑ አልፈልግም።

ፋሲካን በደህና ዋልን። ጠላ ሲቀዳ የኔው ባለ ቀይ ክር ኩባያ መጣልኝ። ትንሿ የወንድሜ ልጅ «አክስቴ፣ የአንቺ ለምን ጌጥ አለው?» አለችኝ። «እንግዳ ስለሆንሁ ነው» አልኋት። «እኔም ይታሰርልኝ» ብላ አለቀሰች።

የኔሰው «መምህር ከስተዋል» ይለኛል። ይብሉ እንጂ። ቀጭን ሰው ሲናገር ያሳዝናል፤ እንዲያሳዝኑ አልፈልግም።

ባንችይርጋ


ላሊበላ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ባንችይርጋ፣

ከትናንት በስቲያ ተናግሬአለሁ። ወረቀት አልያዝሁም። ሦስቱን ዓረፍተ ነገር ስምሽን ጠርቼ ተናግሬአለሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በሥርዓቱ ልነግርሽ እሞክራለሁ።

ዝም ይላሉ፣ ወይም ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ደሳለ «ይህን ያህል ምን ያስጨንቅዎታል መምህር? ሰው አይደሉም እንዴ!» አለ። ሳቅ ሆነ። አናጢው ደሞዝ «እኔም ከዚያ እንስራ ጠጥቻለሁ፤ ይኸው ሆዴ ብረት ነው!» ብሎ ሆዱን መታ። ይብስ ተሳቀ። አንዷ ደግሞ «የእትዬ ሸጌ ፍቅር እኮ ነው፤ ነፍሳቸውን ይማር» ስትል ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። አንድ ሰው «የሚስቱን እጅ ሽታ የሚጠብቅ ባል ዛሬ የት ይገኛል?» አለ። ልክ ልመሰገን የቆምሁ ነበር የሚመስለው።

መዝገቡን ልመልስ ብል «ከእርስዎ የተሻለ ማን ይይዘዋል?» ብለው አልቀበል አሉኝ።

እማማ ወለተ ሩፋኤል ብቻ «ታዲያ ያችን ልጅ በምን አባረርናት?» አሉ። ደሳለ «እሷማ ማን አባረራት፤ ራሷ ነች የሄደች» አለና ወደ ቅሬው ድንኳን ጉዳይ አለፈ። ድንኳኑ ተቀዷል። ስለ ድንኳኑ ከኔ ነገር ይልቅ ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ።

ጥር 5 ቀን አንቺ ፀሐይ ላይ ቆመሽ ነበር። አንድ ሰዓት ከሩብ፤ መዝገቤ ላይ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት አለ። ለኔ ግን ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ወንበር አመጡልኝ። የቆምሁበት ቦታም ጥላ ነበር።

ስምሽ ተመለሰልሽ ብዬ ልጽፍልሽ እፈልጋለሁ። መመለሱን ግን አላውቅም። ያየሁት የኔ ስም ምንም እንዳልሆነ ነው።

አረጋ


ኮን፣ ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

መምህር፣

ስሜን ጠርተው መናገርዎን እማማ ወለተ ሩፋኤል በስልክ ነግረውኛል። «አለ ልጄ፣ በጆሮዬ ሰማሁት» አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

ሲያሞግሱዎ ማፈርዎን አምናለሁ። እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። እማማን ልጠይቃቸው ነበር፤ እሳቸው ያዩትን ይናገራሉ። ተውሁት። ከእርስዎ መስማት ነው የፈለግሁት።

ወንበሩ ላይ ተቀመጡ?

ባንችይርጋ


ላሊበላ፣ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ባንችይርጋ፣

ተቀመጥሁ።

ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ቆሜ ጨረስሁ። ሦስተኛውን፣ ስለ እንስራዬ ያለውን፣ የተናገርሁት ተቀምጬ ነው። ድምፄም ዝቅ ብሎ ነበር። ከኋላ ያሉት ይስሙት አይስሙት አላውቅም፤ ዞሬም አላየሁም። እርጅና ነው ብዬ ልጽፍልሽ ብዕሬን ቀለም አስነክቼ ነበር። እርጅና አይደለም። ሲያዝኑልኝ ደስ አለኝ። አንቺ እንደ ፈራሽው እነሱን ያሳዘንሁ እኔው ነኝ።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት ወደ ደሳለ ሄጄ «ሰኔ 12 እንደገና ልናገር» አልሁት። «ኧረ መምህር፣ ያለቀ ነገር አይቀስቅሱ» አለኝ። ስለዚህ ከምግብ ቤትሽ ይበሉ የነበሩትን ቤተሰቦች በዝርዝር ጻፍሁና ደጃቸው ድረስ ሄድሁ። ሃያ ሁለት ቤት ነው። ግቡ ሲሉኝ አልገባሁም፤ ዱካ ሲያመጡልኝ አልተቀመጥሁም። ሦስቱን ዓረፍተ ነገር ተናግሬ፣ ስለ ሸጌ ሊያነሱ ሲጀምሩ «ይህ የሸጌ ጉዳይ አይደለም» አልኋቸው። አሥራ ሰባቱ ሰምተውኛል። ሦስቱ «ሰምተናል፣ ይበቃል» ብለው በሩን መለሱት። የሁለቱ ባለቤቶች ገበያ ሄደው አላገኘኋቸውም፤ እመለስባቸዋለሁ። ደሞዝ በዚህኛው አልሳቀም። «ለካ እውነትዎን ነው» አለኝ። አናጢ ነውና ለበርሜልሽ ክዳን ሊሠራ ለክቶ ሄዷል። መቼ እንደሚያደርሰው ግን አልጠየቅሁትም፤ እንድትመለሺ የምገፋፋ እንዳይመስልሽ።

ከዝርዝሩ ውጭ የቀሩ ሁለት ሴቶች አሉ። አንዷ የወንድምሽ ሚስት ናት። ሌላዋ መናኸሪያው አጠገብ ያለችው ክፍል ባለቤት ናት። ለእነሱ ልጽፍላቸው አስቤ ነበር። ከሦስት ወር በላይ በደብዳቤ ስሸሽ እንደኖርሁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ይህን ወረቀት ለየኔሰው አልሰጠውም። ነገ ጧት በእርሱ መኪና እኔው እሳፈራለሁ። አንቺ ሳትፈቅጂ ከአጥሩ አላልፍም፤ ደብዳቤውን በትንሿ የወንድምሽ ልጅ እጅ አስገባለሁ። ሂድ ብትይኝ ሁለቱን ሴቶች አነጋግሬ በመጣሁበት እመለሳለሁ።

አንብበሽ ስትጨርሺ ወደ ውጭ ተመልከቺ። ደጅሽ ላይ ቆሜአለሁ።

አረጋ